ትኩሳቱን በመናገሩ ስለተቀጣው ሰርቨር

ለክቡር አቶ አምሳሉ ደገፋ
የሰፈር ድምፅ ማኅደር ዋና ኃላፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የደም ግፊትዎ እንዴት ሰነበተ? ስኳርዎስ? ያ በክረምት የሚነሳብዎ የጉልበት ሕመምስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ እርስዎ ጠዋት ቢሮ ገብተው ገና ወንበር ሳይስቡ ግፊትዎን በገዛ መሣሪያዎ የሚለኩ ጠንቃቃ ሰው መሆንዎን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ስለሚያውቅ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ዕለት ስብሰባው ይሰረዛል፣ ምሳዎ ያለ ጨው ይመጣል፣ ሹፌሩም ወደ መድኃኒት ቤት ይላካል። እግዚአብሔር ይህን ጥንቃቄዎን ያብዛልዎ። የዛሬው ደብዳቤዬም ስለ ጤና ነው፤ የሚለየው ታማሚው ብቻ ነው።

እኔ ጊፍቲ ዋቅሹማ እባላለሁ። በስሜ ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ፣ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ የኮምፒዩተሮቹን ነገር የምከታተለው፣ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም ሟርትሽን ይዘሽ መጣሽ የሚሉኝ ሠራተኛ ነኝ። ጉዳዩን በውስጥ ደብዳቤ ደጋግሜ አቅርቤ ስለነበር፣ ደብዳቤዎቼም እስካሁን ሳይከፈቱ በክብር ተቀምጠው እንደሚገኙ ስለምተማመን፣ ዛሬ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ድፍረት አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ማኅደራችን ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሲኬድ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው በአካባቢው ኖረው ያረጁ ሰዎችን፣ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ከመሄዳቸው ወይም ራሳቸው ከዚህ ዓለም ከመሄዳቸው በፊት፣ ድምፃቸውን ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሰርቨር ማለት ቀንም ሌትም የማይጠፋ፣ ብዙ ሰው በአንዴ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒዩተር ነው። የእኛው ሲሠራ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ሴንሰሮች ተተክለውለታል። አንዱ ሙቀቱን ይለካል፣ አንዱ ማራገቢያዎቹ በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ ይቆጣጠራል፣ አንዱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ያያል፣ አንዱ ደግሞ ድምፁ የተቀመጠባቸውን ሁለት ዲስኮች ደህና አደራችሁ ወይ እያለ ይጠይቃል። አንዳቸውን ቅር ያሰኘ ነገር ሲኖር ማሽኑ ይጮሃል፣ ፊቱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ለእኔም መልእክት ይመጣል። የእኔ ሥራ ይህን መልእክት አንብቤ ለሚመለከተው ኃላፊ ማሳወቅ ነው። የሚመለከተው ኃላፊ እርስዎ ነዎት።

እዚህ ላይ የማሽኑንም ጉድለት ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ማሽኑ አስተዳደግ የለውም። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያልበን ቢያድርም እንዴት አደራችሁ ስንባል እግዚአብሔር ይመስገን ብለን እናልፋለን፤ ጠያቂን ማስጨነቅ ነውር ነውና። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልተገጠመለትም። ሲሞቀው ሞቀኝ ይላል፣ በእንግዳ ፊትም ይላል። እርስዎን ያስቀየመዎ ይኸው ጠባዩ መሆኑን ስለምረዳ፣ እሱን ለማረም የወሰዷቸውን እርምጃዎች በቅደም ተከተል እያነሳሁ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ማሽኑን ከኋላ ክፍል አውጥተው ወደ ቢሮዎ ስላመጡት አመሰግናለሁ። የኋላው ክፍል ቀዝቃዛ፣ ጨለም ያለና ማንም የማይገባበት ነበር፤ ለሰርቨር ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደሌለ ብናገርም፣ ለጋሾች የሰጡንን ዕቃ ጓዳ ብንደብቀው ምን ይሉናል ያሉኝ ነገር ከሙያዬ የሚበልጥ ጥበብ ነበረው። ስለዚህ ከእንግዳ ሶፋው ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ የምትገባበት ጥግ ተመረጠለት። ቀጥሎም ጸሐፊዎ ትሕትና፣ የቤቷን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ እንዳለበሰች ሁሉ፣ ለእሱም በገዛ እጇ ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። አቧራ በቀዳዳው እንዳያልፍ ተብሎ ለዳንቴሉ ወፍራም የከፈይ ገበር ገባለት፣ ከላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ የያዘ ማስቀመጫ ተቀመጠበት። ትሕትናን አልወቅሳትም። እኛ ዘንድ የተከበረ ዕቃ ይሸፈናል፤ እናቴም ሬዲዮዋን እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ነገር ግን ሰርቨር በፊቱ አየር እየሳበ በኋላው የሚተነፍስ ነገር ነውና፣ ሰውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሩጥ እንደማለት እንደሚሆን ያን ዕለት ተናገርኩ። እርስዎም ሽፋኑ ለጌጥ እንጂ ለማሞቅ የተደረገ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ።

ሁለተኛ፣ ጩኸቱን ስላስቆሙልን። ማሽኑ ዳንቴሉን በለበሰ ሳምንት መጮህ ጀመረ፤ እንዳጋጣሚ ሆኖ የጮኸው እንግዶች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለ ማኅደሩ ስኬት ገለጻ ሲደረግላቸው ነበር። እኔ ተጠርቼ መጣሁና ሽፋኑን ገለጥ አደረግሁለት፤ ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ። መድኃኒቱ ይኸው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ሽፋኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጩኸቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው እንዲዘጋ ታዘዘ። ዝም አይነቅዝም የሚለው የሚወዱት አባባል ለሰርቨርም እንደሚሠራ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ማራገቢያዎቹ። ማሽኑ መናገር ሲከለከል ራሱን በራሱ ለማብረድ ማራገቢያዎቹን በሙሉ ኃይል ያዞር ጀመር፣ ቢሮዎም ወፍጮ ቤት መሰለ። ስልክ እንኳ ማነጋገር አልቻልኩም ብለው ሲቆጡ እውነትዎን ነበር፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ያዘዙት መፍትሔ ሽፋኑ እንዲነሳ ሳይሆን ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው እንዲዞሩ ነበር። ትኩሳት ይዞት የሚያለከልክ ሰው ጎረቤት እንዳይረብሽ አፍንጫው ቢያዝ እንደሚሻለው ማለት ነው።

ቀጥሎ የቢጫው መብራት ነገር አለ። በዳንቴሉ ጠርዝ ሥር እያበራ ያስቸግር የነበረውን ይህን መብራት ሹፌርዎ በፈቃደኝነት ጥቁር ፕላስተር ለጥፎ ገላግሎናል። ድሮ ሚኒባስ ሲነዳ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የሞተር መብራት እንዲሁ እየሸፈነ ዓመታት እንደሠራ ነግሮናል። ሚኒባሷ አሁን የት እንዳለች አልነገረንም።

አምስተኛው ውለታዎ ግን ከሁሉም ይልቃል። በየወሩ የማቀርበው የማሽኑ የጤና ሪፖርት ላይ ከአረንጓዴ በስተቀር ሌላ ቀለም እንዳይታይ፣ ለዚህም ማሽኑ ሞቀኝ የሚልበት ገደብ ከፍ እንዲል በፊርማዎ አዘዙኝ። ከዚህ ሁሉ ሙቀት በኋላ ማሽኑ ደህና ነኝ እንዲል ተደረገ። ከዚያን ወር ጀምሮ ሪፖርታችን እንደ ነሐሴ መስክ አረንጓዴ ሆነ፤ እርስዎም በስብሰባ ላይ በእጅዎ ከፍ አድርገው አሳዩት፣ ተጨበጨበም። የእርስዎም ግፊት መለኪያ በዚሁ ዘዴ ቢስተካከል ጨው እንደልብዎ መብላት ይችሉ ነበር ብዬ ለመምከር አስቤ፣ ከደረጃዬ በላይ መሆኑ ገብቶኝ ተውኩት።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሞተ። ሁለት የሆኑበት ምክንያት አንዱ ቢሞት በሌላው እየሠሩ የሞተውን ለመተካት ነው፤ ስለዚህ ያን ቀን ምንም ድምፅ አልጠፋም። እኔ ግን ፈራሁ፤ ምክንያቱም የቀረው ዲስክ ከሞተው ጋር በአንድ ዳንቴል ሥር ሲቃጠል የኖረ ወንድሙ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር ለመንኩዎ፤ የሞተው ዲስክ ይተካ፣ ካልሆነም ድምፁን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ ከዚህ ሙቀት ላርቀው። ለመጀመሪያው፣ ማሽኑ እየሠራ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። እየሠራ ነው አልኩ። ታዲያ ምን ሆንሽ አሉኝ። ለሁለተኛው ደግሞ የማኅደሩ ሀብት መመሪያ ሳይወጣለት ተገልብጦ ከቢሮ መውጣቱ አደጋ አለው ብለው፣ መገልበጫው የሚከፈትበትን ፓስወርድ ቀይረው ለራስዎ ያዙት። ስለዚህ የዚህ ሰፈር ሽማግሌዎች ድምፅ ከአደጋ ተጠብቆ አንድ የታመመ ዲስክ ላይ ቆየ።

አሁን አንዲት ሴት ላስተዋውቅዎ። ስንት ጊዜ በበርዎ እንዳለፉ አላውቅም፤ ተያይታችሁ ግን የምትተዋወቁ አይመስለኝም። ወይዘሮ ዙሃራ ይባላሉ፣ የአብነት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ሁመድ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮ ምድጃ ሲቀጠቅጡ ኖረው ያረፉ ሰው ነበሩ። ከማረፋቸው በፊት ከባልደረባዬ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄደን ቀድተናቸዋል። ወይዘሮ ዙሃራ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ ያን ቅጂ ያዳምጣሉ።

የሚያዳምጡት ስለ ቆርቆሮና ስለ መዶሻ የተወራውን አይደለም፤ እሱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተውታል። ቅጂው መካከል ላይ አቶ ሁመድ ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ ጓዳ፣ ዙሃራ፣ ለልጆቹ ውሃ አምጪላቸው እንጂ ብለው የሚጣሩበት ቦታ አለ። ልጆቹ የተባልነው እኛ ቀጂዎቹ ነን። ወይዘሮ ዙሃራ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ደግፈው ያችን ቦታ ይጠብቃሉ፤ ስትደርስም ቀስ ብለው አቤት ይላሉ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው መርቀውን ይሄዳሉ። ቤታቸው የባላቸው ፎቶ አለ፤ ድምፃቸው ግን ከእኛ ዘንድ በቀር የትም አልነበረም። አንድ ቀን ያችን ጥሪ ብቻ ቆርጬ ስልካቸው ላይ እንዳደርግላቸው ለምነውኝ ፈቃድ ጠየቅሁዎ። መመሪያው ሲወጣ በቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ የሚል መልስ ሰጡኝ። ይህን መልስ ለእሳቸው ሳደርስ እሺ ልጄ፣ ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል ብቻ አሉ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ማሽኑ ውስጥ ከእርስዎም ከእኔም ትእዛዝ የማይቀበል አንድ የመጨረሻ ገደብ አለ፤ የሠራው ፋብሪካ ራሱ የቆለፈው ነው። ሙቀቱ እዚያ ከደረሰ ማሽኑ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠፋል። በሚያዝያ ሐሩር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮትዎ ገብታ ከፈዩን ስታግለው፣ እንዲሁ አደረገ። ስናበራው ማሽኑ ተነሳ፤ ያ የቀረው ዲስክ ግን አልተነሳም። ከውጭ የመጡት ባለሙያዎችም ፈትተው አይተውት የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ነግረውናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛ ታማሚ ግን አልደበቀም ነበር፣ ደበቅንለት እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ያሳዩት ፍጥነት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይህ ሁሉ ለምን አስቀድሞ አልተነገረኝም የሚለውን የሚያጣራ ኮሚቴ በማግስቱ አቋቋሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ እኔ ግን ኮሚቴው ምስክር ብሎ ስለጠራኝ አከብረዋለሁ፣ ያልተነገረውን ነገር ሁሉ ፊርማዎ ካለበት ትእዛዝ ጋር አቅርቤለታለሁ። በሩ ላይ ደግሞ ለሲስተም ማሻሻያ ሲባል አገልግሎት ለጊዜው ተቋርጧል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማሻሻያ የሚለውን ቃል የመረጠው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ በግሌ አመሰግነው ነበር።

ወይዘሮ ዙሃራ ያን ማስታወቂያ ማንበብ አይችሉም። ጥበቃችን ጋሽ ኩማ በታዘዙት መሠረት ሲስተም የለም ይሏቸዋል። ሲስተም የለም የሚለውን ደግሞ እንደ ማንኛችንም በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሲሰሙት የኖሩት ነገር ስለሆነ አይጠራጠሩም፤ ዛሬ የለም ማለት ሌላ ቀን ይኖራል ማለት ነዋ። ለሐሙስ ያድርሰን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ደረጃውን ይወርዳሉ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩም አይሠራም፣ ጉልበት ደግሞ የሚታመመው እርስዎን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የምለምንዎ አዲስ ሰርቨር አይደለም፤ እሱ በመመሪያ ይመጣል። ኮሚቴው ነፃ ያውጣኝ ብዬም አልለምንዎም። ልመናዬ አንድ ነው። ወይዘሮ ዙሃራ በሚቀጥለው ሲመጡ ከቢሮዎ ይውጡና፣ የባለቤትዎ ድምፅ ጠፍቷል፣ ተመልሶም አይመጣም ብለው በገዛ አፍዎ ይንገሯቸው። እኔ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተከትዬያቸው ደረጃውን ወርጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንጀቴ አልችል ብሎ በር ላይ ሰላም ብያቸው ተመልሻለሁ። ደግሞም ከእኔ ቢሰሙት ማሽን ተበላሸ ብለው ይሄዳሉ። ከእርስዎ ከሰሙት ግን ማን ምን እንደወሰነ ይገባቸዋል፣ ከፈለጉም ይቆጣሉ፣ መቆጣት ይገባቸዋል። አንዲት አሮጊት ሴት በየሳምንቱ በማይኖር ነገር ተስፋ እያደረገች ደረጃ እንድትወጣ ማድረግ ማኅደራችን ከሠራው ሁሉ የከፋው ነው፤ ይህን የምለው ያለ ምንም አሽሙር ነው።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ እስከዚህ አንብበው ከሆነም ለዓይንዎ እያመሰገንኩ፣ ግፊትዎ በልኩ እንዲሆን፣ መለኪያዎም እውነቱን ከመናገር እንዳይቦዝን፣ ቢሮዎም ነፋሻ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ጊፍቲ ዋቅሹማ
በማኅደሩ የማሽኖች ጤና ተከታታይ፣ ለጊዜው የምትከታተለው ማሽን የሌላት

ግልባጭ፦
ለጸሐፊ ትሕትና፣ ዳንቴሉን ታጥቦ እንድትረከበው
ለአጣሪ ኮሚቴው፣ ያልተነገረው ነገር በአደባባይም እንዳልተነገረ እንዲመዘግብ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ወይዘሮ ዙሃራ ለእርስዎ የሚደርስ መልእክት ሰጥተውኛል። ኃላፊው ማሽኑን ለማስጠገን ወዲያ ወዲህ እያሉ ነው ተብሎ ስለተነገራቸው፣ በየሶላታቸው ዱዓ እያደረጉልዎ መሆኑን፣ በእሳቸው ጉዳይ ደክመው ጤናዎን እንዳይጎዱ፣ እሳቸው መጠበቅ እንደማይከብዳቸው ንገሪልኝ ብለውኛል። አደራ ነውና ይኸው አደረስኩ። ነገ ሐሙስ ነው።